እንደራሴ ከሆንክ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተሻለች ወልደጻድቅ፣
ኮፐንሃገን

ተሼ ልጄ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ሳነሳ እናትሽ ከኋላዬ ቆማ «ኧረ ተው፣ ገና ከመጀመሪያው?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም ብዬ እንዳልንቃት፣ ስጽፍ ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለች፤ ከንፈሬን ነው የምታነበው። ስለዚህ እውነቱን ልበልሽ። እሷን ጉልበቷን ይቆረጥማታል፣ ግን ቆማ ትሄዳለች። እኔን የሚያመኝን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። የላክሽው የሱፍ ሹራብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ያየው ሁሉ ያልበዋል። ለመሆኑ ድሬዳዋ ላለ ሰው ሹራብ ይላካል? እናትሽ ግን በየሳምንቱ እያወጣች ታሸተዋለች።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በጅቡቲ በኩል የሚሄድ የማምነው ሰው አግኝቼ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

በሐምሌ መጨረሻ የደረሰኝን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «አባዬ፣ ስለ ድልድዩ የጠየቅኸውን ጥያቄ ሚኒስትሩ ምን ብለው መለሱልህ? ለምን ዝም ትለኛለህ?» ብለሻል። ያንን ዘልዬ ስለ አየሩና ስለ ጤና ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ቀድጄዋለሁ። ዛሬ እነግርሻለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አታልቅሺ። ተናደሽም ለየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዳትጽፊ፤ አደራ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንቺ ነው። በየካቲት ስለዚያ አገር ምክር ቤት የጻፍሽልኝን ለፋሲካ ስመጣ ይዤው መጣሁና ግቢያችን ኒም ዛፉ ሥር ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከመጋላ ሰፈርም ከከዚራ ሰፈርም የመጣ ሰው ነበር። ከሁለት መቶ ያነሱ ሰዎች አገሩን እንደሚያስተዳድሩ፣ ሁለተኛውን ምክር ቤት የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሕዝቡ ራሱ በድምፁ እንዳስቀረው፣ ንጉሥ እያላቸው እንኳ ምክር ቤቱ «አንፈልግህም» ያለው መንግሥት አንድ ቀን እንደማያድር። ከዚያ ያ ጠቅላይ ሚኒስትር በጥቂት ድምፅ ተሸንፎ ምርጫ የጠራበት ጋ ስደርስ አብዱሰመድ፣ የመጋላው ልብስ ሰፊ፣ አላስቀጥል አለኝ።

«በምርጫውስ?»

«ወንበሩን ለሌላው ለቀቀ።»

«አልታሰረም?»

«አልታሰረም።»

«አልሸሸም?»

«የት ይሸሻል? ቤቱ ነው የሄደው።»

«በእግሩ?»

«ተሻለች አገሩ ሁሉ ብስክሌት ነው ትላለች።»

አብዱሰመድ ራሱን ይዞ «ወላሂ፣ ይህቺ ልጅ ታላግጥብናለች!» አለ። ሰዉ ሁሉ የሳቀውን ሳቅ ብትሰሚ! ሲወጡ ግን ማንም አልሳቀም። ሁሉም እኔን ያዩኝ ነበር። «አንተስ እዚያ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ዓይን ነው። ማፈሬን ልደብቅሽ አልችልም።

የኛን ምክር ቤት አስረድቼሽ አላውቅም፤ አንቺ ስትሄጂ ገና አዲስ ነበርኩ። ያ ጃንጥላ የመረጥኩበትን ምርጫ ታስታውሺ የለም? ተወዳዳሪ ሁሉ ምልክት ይኑረው ሲባል እኔ ጃንጥላ አልኩ፤ በዚህ ፀሐይ ማን ጃንጥላ ይጠላል ብዬ። የመጋላ ሴቶች ድምፅ ሊሰጡ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጥተው አስመራጩ «ይህ ቅስቀሳ ነው፣ ውጭ ተዉት» ሲላቸው የተነሳው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ ይወራል። እንዲያ አድርገው መርጠው የላኩኝ ቤት ታዲያ እንዲህ ነው። ላይኛው ምክር ቤት በሹመት ነው፣ ታችኛውን ሕዝብ ይመርጠዋል። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ነን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን። ጠቅላይ ሚኒስትር በኛ ድምፅ አይመጣም፣ በኛ ድምፅም አይሄድም። ረቂቅ ሲመጣልን እንከራከራለን፣ አንዳንዴም ያንገራገርነው ነገር አለ፤ ይህን ልካድ አልልም። ግን አንድ የድሬዳዋ ሰው ብቻውን ማድረግ የሚችለው መጠየቅ ነው። ጥያቄውን ጽፎ ያስመዘግባል፣ ተራው ሲደርስ ይነሳል፣ ይጠይቃል። በቃ፣ ያለኝ ሥልጣን ይኸው ነው።

እኔም የምጠይቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ የታችኛው መሻገሪያ። ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ከመጋላ ወደ ገበያ የሚያቋርጡት ሴቶች ትልቁ ድልድይ ድረስ መዞሩ ስለሚርቃቸው በአሸዋው ላይ ነው የሚሄዱት፤ አንቺም ከትምህርት ቤት ስትመጪ በዚያ እየሄድሽ ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ። እዚያ ላይ የእግር ድልድይ ይሠራል ተብሎ ከጸደቀ አራት ዓመት ሆነው። ለምን አልተሠራም? አንድ መስመር ጥያቄ ናት። አንቺን አንብቤ፣ ያ ሁሉ ዓይን አይቶኝ፣ አዲስ አበባ እንደተመለስኩ በግንቦት መጀመሪያ አስመዘገብኳት።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ በምክር ቤቱ መተላለፊያ ስሄድ አንድ ሰው አብሮኝ መራመድ ጀመረ። ስሙን አልጽፍልሽም። ጨዋ ሰው ነው፣ ኮፍያውን አንስቶ ነው ሰላም ያለኝ።

«አቶ ወልደጻድቅ፣ ልጅዎ ዴንማርክ ናት አሉ።»

«አዎን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አዋላጅነት ነው የምትማረው? በመንግሥት ወጪ? በጣም ጥሩ ነው። ስንት ዓመት ቀራት?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት» አለ። «ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ያቺ የድልድይ ጥያቄ ግን ባትቸኩል አይሻልም?» ኮፍያውን እንደገና አነሳልኝና ወደ ደረጃው ወረደ።

አልዛተብኝም። ቢዝትብኝ እኮ ደግ ነበር፤ ተቆጥቼ እነሳ ነበር። ማታውን አላመነታሁም፣ ሦስት ቀን አሰብኩበት ብልሽም ውሸት ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሄጄ ጥያቄዋን ከመዝገብ አስወጣሁ። ለጓደኞቼ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ፤ በግንቦት ሻርፕ ጠምጥሜ ምክር ቤት ገባሁ። ለአንቺ ደግሞ «ጠይቄአለሁ፣ መልስ እየተጠበቀ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለገዛ ልጄ ዋሸሁ። ይቅር በይኝ።

ምክር ቤቱ ሲዘጋ በሰኔ ወደ ቤቴ መጣሁ። ሐምሌ አሥራ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሐረር ተራራ በኩል ያ የምታውቂው ጉምጉምታ መጣ። ሰው «ውኃ! ውኃ!» እያለ ከአሸዋው መሮጥ ጀመረ። ቢሌ ታችኛው መሻገሪያ መሐል ነበር። ቢሌን መቼም አትረሺውም፣ ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሞ ለገሃር ያደረሰው፣ «ፈረንጅ አገር ሄደሽ ሰውን ‹ዋሪያ!› ብሎ መጥራት እንዳትረሺ» ያለሽ። የአንድ ሽማግሌ ሸቀጥ ተሸክሞ ነበር አሉ፤ ሽማግሌውን ገፍቶ ወደ ዳር አወጣው፣ እሱ ተመልሶ ለሸክሙ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ከወንዙ ታች በጀልዴሳ በኩል አሸዋ ላይ አገኙት። ሚስቱ በድሪያና አራት ልጆች ቀሩ።

እኔ ለቅሶ ቤት አንድ ቀን ብቻ ሄድኩ። ሁለተኛ መሄድ አልቻልኩም፤ እግሬ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው በየጠዋቱ እኛ በር ላይ መቀመጥ ጀመረ። አይጮሁም፣ አይሳደቡም። ጥላው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ይሄዳሉ። በማግሥቱም ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰለሽ? የምክር ቤት አባል ወልደጻድቅ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ፣ የገዛ ቤቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። እናትሽ «የለም» ትላለች፤ እነሱ «እንጠብቀዋለን» ይላሉ። ሁሉም እንዳለሁ ያውቃል። አንድ ቀን አስነጠሰኝ። ከውጭ አብዱሰመድ «ይማርህ!» አለኝ። ምን ልበል? «ያኑርህ» ብዬ መለስኩለት፤ ግን አልወጣሁም።

በአምስተኛው ቀን በድሪያ ራሷ መጣች። በነጠላዋ ተጠቅልላ ከሰዉ ጋር ቁጭ አለች። እናትሽ ዕቃ ቤቱን በረገደችና «ለሷ የለም አልልም» አለችኝ። «ሌላም ልንገርህ፤ ለምን እንዳልተናገርክ ለቅሶ ቤት ነግሬአታለሁ። አፌ አላስችል አለኝ።» ተሼ፣ በዚያ ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ።

ሃያ ስምንት ሰው ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ «እርስዎ» በሙቀት ቀልጦ ጠፍቷልና ሁሉም አንተ ነው የሚለኝ፤ ያን ዕለት ግን ማንም ምንም አላለኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጥያቄዋ፣ ስለ ባለ ኮፍያው፣ ስለ ሻርፑ። ስጨርስ «በጥቅምት ምክር ቤቱ ሲከፈት እነሳና እጠይቃለሁ። ልጄንም ይመልሷት» አልኩ። ጉሮሮዬ በእውነት ያመመኝ ይህን ስል ነው።

ሰማታር፣ ያ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ወዲያው «እንዲያ ነው እንጂ! ይናገር!» አለ። አንዳንዱ ደግሞ «ቢናገርስ ድልድዩ ይሠራል? ልጅቱ ትመለሳለች፣ ድልድዩም አይሠራም» አለ። ጭቅጭቁ በሦስት ቋንቋ ሆነ። አብዱሰመድ በመሐል አጨበጨበና «አቦ ዝም በሉ! እንደ ልጅቱ አገር እናድርግ። የሚናገር ይናገር፣ ከዚያ እጅ እናውጣ። የበዛው ያሸንፋል፣ የተሸነፈውም ቤቱ ይሄዳል» አለ። «በእግሩ» አለ ከኋላ አንዱ። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቁ።

በድሪያ ተነሳች። ድምጿ ገና ከለቅሶው አልተመለሰም፤ ለመስማት ሁሉም ጎንበስ አለ።

«ወልደጻድቅ፣ አንተን ስንመርጥ ምን ነው አሉን? የሕዝብ እንደራሴ። እኔ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ላይ ነው። ቃሉን ስሰማ እንደ ራሴ ማለት ነው ብዬ ነው የመረጥኩህ። እንደ ራሴ ከሆንክ ልጅህም እንደ ልጄ ናት። እኔ ልጄን ለድልድይ አልሰጥም። ቢሌ እንደሆነ አይመለስም። ልጅቱ ትማር።»

ቡልቻ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ መቼም ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አይችልም፣ «በድሪያ፣ ቃሉ እንደዚያ ማለት አይደለም። ወኪል ማለት ነው» አላት በለሆሳስ።

«ታዲያ ወኪል ለምን አላሉትም?» አለችው።

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ተጠርቼ፣ በዚያ ቃል ፈርሜ፣ አንድ ቀን ቆርጬ አንብቤው አላውቅም። እሷ ማንበብ ሳትችል አነበበችው።

ሰማታር ብቻ አልለሰለሰም። «እሺ፣ ልጅቱ ትማር» አለ፣ «ታዲያ በሚመጣው ክረምት ማን ይወሰድ? እሱንም በእጅ እንምረጥ?» ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ለአንቺ ስጽፍ መልስ የለኝም።

ከዚያ እጅ ወጣ። አብዱሰመድ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ይናገር ያሉት ሰማታርና ሦስት የጋራዥ ልጆች ናቸው። ዝም ይበል ያሉት ሃያ ሦስት። እናትሽ በሩ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ነበር፤ ለማንኛውም ወገን እጇን አላወጣችም። አብዱሰመድ ቆጠራውን ሲጨርስ ፊቱን ወደኔ መለሰና ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ «አንተም?» አለኝ።

አዎን ተሼ። የኔም እጅ ከሃያ ሦስቱ መሐል ነበረች። መቼ እንዳወጣኋት አላውቅም፤ ግን ማንም አላነሳልኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ቀና ብዬ ሳይ የገዛ እጄን ከራሴ በላይ አየኋት። ደስ ብሎኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ አትመለስም ብዬ ደስ አለኝ። በድሪያ ፊት ለፊቴ ቆማ እያየችኝ።

ሲለያዩ አብዱሰመድ አቀፈኝና «በሚመጣው ዓመት ምርጫ ደግሞ ጃንጥላህን እንመርጣለን፤ ልጅቱ እስክትጨርስ ከዚያ ወንበር እንዳትነሳ» አለኝ። እኔ እኮ በልቤ በሚመጣው ዓመት አልወዳደርም፣ ከዚህ ነገር እወጣለሁ ብዬ ነበር። ያንንም በር ዘጉብኝ። በፍቅር ነው የዘጉብኝ፤ በክፋት ቢሆን ሰብሬው እወጣ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚቀመጥ የለም። ዕቃ ቤቱም ባዶ ነው። ወደ ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ «ልጅቱ እንዴት ናት?» ይለኛል። በድሪያ ትላንት አንድ ጣሳ ማር አምጥታ «ላክላት» አለች። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ሰውዬ ሰጥቼዋለሁ፤ እስኪደርስሽ ካልፈሰሰ። እባክሽ ብዪው። መብላት ቢያቅትሽም ብዪው።

እናትሽ ምግቤን ታቀርብልኛለች፤ አብራኝ ግን አትበላም። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ሲሄድ «እኔ ልጄን እንዲህ አላስተምርም» ነው ያለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጨመረችም። አታስቢ፣ ያልፍላታል። ኖርሽ አልኖርሽ ያቺን አልጋሽን በየቀኑ ታነጥፋለች።

አንቺ ትምህርትሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። እንዲህ ስል እንደ ሌላ ጊዜው ምክር አይደለም። ሰው ቆጥሮ፣ እጁን አውጥቶ፣ ተማሪ ብሎሻል። ስለዚያ አገር ምክር ቤት ግን ለጊዜው አትጻፊልኝ። እዚያ ሄደሽ ከተመልካቾች ሰገነት ላይ ሆነሽ ስታዪያቸው እንደምትውዪ አውቃለሁ፤ እዪ፣ እኔ አልከለክልሽም። ብቻ ለኔ ስለ በረዶው ጻፊልኝ፣ ስለምታዋልጃቸው ሕፃናት ጻፊልኝ። እነዚያን ኒሙ ሥር ላነብላቸው እችላለሁ።

ልጄ፣ እግርሽ ካሰበበት ይድረስ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ በሰላም ይወለድ። ብርዱ አይንካሽ፣ ሰው አይጥላሽ። ቁልቢ ላይ ስለቴን ስለ አንቺ ነው የማስገባው። በድሪያም በበኩሏ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ ከሁለታችን የትኛው ቀድሞ እንደሚሰማ እሱ ያውቃል።

አሁን እናትሽ ተመልሳ ከኋላዬ ቆማለች። «ደብዳቤውን ሳትዘጋ ከኔ አንድ ቃል ጨምርባት» ትለኛለች። አንድ ቃል ብቻ ናት፣ ሁለት ፊደል፤ ልጅ ሳለሽ ማታ ማታ ከደጅ ስትጠራሽ የምትልሽ። ምን እንደሆነች አንቺም ታውቂያታለሽ፣ እኔም አውቃታለሁ።

ወረቀቱ አልቋል።

አባትሽ
ወልደጻድቅ